የዶልጎት የማንኪያ ሩዝ

ዶልጎት፣ ጋንግህዋ ደሴት
ኖቬምበር 9 ቀን 2004

ውድ ወንድሜ ኢንቴክ፣

ደረትህ እንዴት ይዞሃል? "እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ ከሰሉ ሳንባዬ ውስጥ ገና ሥራ ላይ ነው" ብለህ የጻፍከውን አንብቤ ሳቅኩ፤ ቀጥዬም አለቀስኩ። እባክህ አንገትህን ጠቅልል። በዚያ ሁሉ የጀርመን አገር አንድ ሳህን ሾርባ የሚያሞቅልህ ሰው ጠፋ? ይህን ስጽፍ ምላሴን ነከስኩ። ለምን እንደነከስኩ ስትጨርስ ይገባሃል።

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የክረምቱን ጎመን ባለፈው ሳምንት በጨውና በበርበሬ አሽተን ጨረስን፤ ሠላሳ ራስ ብቻ። ቺልሱን እንደ ልማዷ "ጨው አበዛሽ" ስትለኝ፣ እኔም "ምላስሽ ነው የሞተው" ስላት ዋልን። ሰማንያ ልንሞላ ሁለት ዓመት ቀርቶን እንኳ ንትርኩን አልተውነውም ነበር።

ወሬ የማበዛው ፈርቼ ነው፤ ታውቀኛለህ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን በመጪው ኤፕሪል መቶ ዓመት ይሞላታል። አዲሱ መጋቢያችን መጋቢ ሜንግ ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኗን ታሪክ ካላሳተምኩ ብሎ ሰቅዞ ይዞናል። መጽሐፉ በገና ሰሞን ማተሚያ ቤት ይገባል። ላንተም አንድ ቅጂ ሊልክ አድራሻህን ከኔ ወስዷል። እዚያ ውስጥ ያንተን ሕይወት የሚመለከት አንድ ገጽ አለ። ከመጽሐፍ ከምታነበው ከኔው አፍ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የቀረነው ሃያ ሦስት ሰዎች ነን። ከሃያ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ በራሳችን ጥርስ አናኝክም። ቺልሱን መጋቢውን "ለማን ነው የሚጻፈው?" ብላ ጠየቀችው።

"ለሚመጣው ትውልድ ነው፣ እማማ።"

"የሚመጣው ትውልድ ኢንቾን ከተማ ፎቅ ላይ ነው ያለው። የሚመጣ ቀን ይንገሩኝ፣ ፀጉሬን እሠራለሁ።"

የድሮውን የምታውቅ ኦክቡን ናት ተብሎ ማክሰኞ ማክሰኞ ድምፅ መቅጃ ቴፑን ይዞ ቤቴ ይመጣል። እኔም አፌ ሥራ አገኘ። ቅድመ አያታችን ሽማግሌ ሃም በጨው መጋዘኑ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሰባት አማኞች እንዴት እንደሰበሰበ ነገርኩት። ወንድና ሴቱን የሚለየውን መጋረጃ ዐውሎ ነፋስ ገንጥሎ ባሕር ሲከተው "እንግዲህ እግዚአብሔር ራሱ ካነሳው እኛ ማን ነን?" ብለው ሳይመልሱት እንደቀሩ ነገርኩት። ጃፓኖቹ ደወላችንን ለጥይት ሲወስዱት፣ ከጦርነቱ በኋላም ባዶ የኦክስጅን ሲሊንደር ግቢው ዛፍ ላይ ሰቅለን አንተ በመዶሻ ስትደውል፣ የሳር ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮውም ቀይ ጡብ ሲሆን፣ ሁሉንም አወራሁለት። "እማማ፣ እርስዎ እኮ ራስዎ መጽሐፍ ነዎት!" ይለኛል። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽህም።

1957 ላይ ስንደርስ አፌ ተያዘ።

የዚያን ዓመት መዝገብ እኔ ነበርኩ የምጽፈው። "ወንጌላዊት ቢዮን ጆንግኤ በጤና ምክንያት ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረች" ይላል፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት። መጋቢው ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ "ምን አሟቸው ነበር?" አለኝ። "ረሳሁት" አልኩት። ወንድሜ፣ አንድም ነገር አልረሳሁም።

የማንኪያውን ሩዝ ታስታውሳለህ፤ ግን ወንድ ስለሆንክ ደጁን እንጂ ጓዳውን አታውቅም። ሴቷ ሩዝ ልታጥብ ስትቀመጥ በቤቱ ሰው ልክ አንዳንድ ማንኪያ ቀንሳ ማሰሮ ውስጥ ታኖራለች። ያጠራቀመችውን ቅዳሜ ነጭ ከረጢት ውስጥ ትገለብጠዋለች፤ እሁድ መድረኩ ፊት ያለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሰባኪው የሚበላው እሱን ነው፤ ደሞዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ዘጠኝ ቤት፣ ዘጠኝ ከረጢት፤ ሁሉም ከአንድ ጣቃ የተሰፉ፣ ስም የሌለባቸው። ለምን ስም እንደሌለባቸው ስትጠይቁን "ድሃዋ እንዳታፍር ነው" እንላችሁ ነበር። ውሸት አይደለም። ግን ሌላም ምክንያት ነበረው።

ያኔ በዶልጎት ሴት ተነስታ ሰባኪን መውቀስ ነውር ነበር። እናም አንዷ ቅሬታ ሲያድርባት በሩዙ ፈንታ እብቅ ሞልታ ታስቀምጣለች፤ ሦስት እሁድ በተከታታይ። ሰባኪው ቤቱ ገብቶ ሲፈታ ከዘጠኙ አንዱን እብቅ ሆኖ ያገኘዋል። "ማን ናት?" ብሎ አይጠይቅም፤ "ምን አጥፍቼ ነው?" ብሎ ራሱን ይመረምራል። በአባታችን ዘመን አንድ ሰባኪ ሚስቱን መምታት የተወው በአንድ ከረጢት እብቅ ነው ይባል ነበር። ይህ የሴቶቹ ምስጢር ነው፤ ለባሎቻቸው እንኳ አይናገሩትም። እርስ በርስም አይወራም፤ ያስገባችው ታውቃለች፣ ያገኘው ያውቃል፣ በዚያው ያበቃል።

የጨረቃው አዲስ ዓመት ማግስት ነበር። እሳት ዳር ቁጭ ብለህ፣ ፊትህ ቲማቲም መስሎ፣ "እትዬ፣ ጆንግኤን አግቢኝ ብያታለሁ። እስከ ፋሲካ መልስ እሰጥሃለሁ ብላኛለች" አልከኝ።

"የትኛዋን ጆንግኤ?" አልኩህ፣ እያወቅኩ።

"ስንት ጆንግኤ አለች እዚህ መንደር?"

"ባሏ የሞተባት? በአራት ዓመት የምትበልጥህ? ሰው ምን ይላል?"

"አንቺስ ባልሽ ጦር ሜዳ የቀረብሽ አይደለሽም? ሰው ምን አለሽ?"

በጥፊ መታሁህ። ከሕፃንነትህ ጀምሮ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩህን ልጅ፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላውን ወንድ፣ በጥፊ። አንተ ግን ሳቅክና "እሺ፣ ይህቺ የሠርጌ ስጦታ ትሁን" ብለህ ወጣህ።

በማግስቱ ሴቶቹ የኦይስተር ዛጎል ሊለቅሙ ወደ ባሕሩ ጭቃ ሲወርዱ ተከተልኳቸው። አንድ ላይ አይደለም ያነጋገርኳቸው። እዚህ ጋ ነው ተንኮሌ። አንዷን ለብቻ ነጠል አደርግና "ይቺ ወንጌላዊት ከወጣት ወንዶች ጋር መሳቅ አብዝታለች፤ አንዲት ሴት ምልክት ብታሳያት ትታረም ነበር። እኔ እንዳላደርገው ወንድሜ ነገሩ ውስጥ አለበት፤ አንቺ አስተዋይ ነሽ፤ አንድ ከረጢት ብቻ ነው፣ ከሌሎቻችን ሩዝ ትበላለች" እላታለሁ። ለቺልሱን እንዲህ አልኩ። ጎጆ ወጥተው ለየብቻ ለሚኖሩት ለሁለቱ የኖ ምራቶች በየተራ እንዲህ አልኩ። ስምንት ሴት፣ ስምንት ጊዜ፣ ያንኑ ቃል። እያንዳንዷ እብቅ ያስገባች እሷ ብቻ መስሏት፣ ለሌላዋም ትንፍሽ ሳትል ወደ ቤቷ ገባች። ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ።

በዚያ እሁድ ጠረጴዛው ላይ ዘጠኝ ከረጢት ተደረደረ። ዘጠኙም እብቅ ነበር። ይህን የማውቅ ከሰማይ በታች እኔ ብቻ ነበርኩ።

አሁን ጥርስህን ንከስና አንብብልኝ። ከረጢቶቹን ጆንያ ውስጥ አድርገህ ዳገቱን ወጥተህ የምታደርስላት አንተ ነበርክ። እብቅ ቀላል ነው፤ ጆንያውን አንስተህ እንዳትጠረጥር ብዬ ከራሴ ከረጢት ሥር አሸዋ ሞላሁበት። አንተ ጆንያውን ትከሻህ ላይ ጣል አድርገህ፣ "እትዬ፣ ዛሬ ከበድ ብሏል! እህቶቻችን እንዴት ደግ ናቸው!" ብለህ መዝሙር እያፏጨህ ወጣህ። ሦስት እሁድ በተከታታይ አሸዋና እብቅ በገዛ ጀርባህ ተሸክመህ ለምትወዳት ሴት አደረስክላት፤ እኔም ደጃፍ ቆሜ ከኋላህ አየሁህ። እጄን በቆረጠው።

የምትበላው ከየት ታመጣ ነበር? በየካቲት ከጎተራም ከሜዳም የሚገኝ ነገር የለም። ከጭቃው ዳር ያንን ቀይ ጨዋማ ቅጠል ስትለቅም ያያት ሰው ነበር፤ እኔም አይቻለሁ። ፊቷ እያነሰ ሄደ። በሦስተኛው እሁድ ግን መድረኩ ላይ ወጥታ፣ እንደ ልማዷ እጇን ከረጢቶቹ ላይ ዘርግታ፣ "ጌታ ሆይ፣ ከልጆቻቸው አፍ ቀንሰው የሰጡኝን እነዚህን እጆች ባርክ" ብላ ጸለየች። ድምፅዋ ንቅንቅ አላለም። ሁላችንም "አሜን" አልን። ከሁሉም ጮክ ያለው የኔ አሜን ነበር።

ሰኞ ጠዋት አንተ መረብ ልትጠግን በወጣህበት ሰዓት ቤቴ መጣች። ዘጠኙንም ከረጢት አጥባ፣ በፍም ካውያ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ይዛለች። ግቢ አላልኳትም፤ ደጃፉ ላይ ቆመን ነው የተነጋገርነው።

"እትዬ፣ ዘጠኛችሁም ናችሁ?" አለችኝ።

ወንድሜ፣ ያኔ ማዳን እችል ነበር። "አይደለንም፣ እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አምስት ቃል እንኳ አይሞላም።

"ሁላችንም አንድ ልብ ነን" አልኳት።

ከረጢቶቹን እጄ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ "አንድ ሁለት ሰው ቢቀየመኝ እችለው ነበር። አምስትም ቢሆን ቀስ ብዬ እለምናቸው ነበር። ቤቱ በሙሉ ከጠላኝ ግን እዚህ ቆሜ ወንጌል ልሰብክ አልችልም፤ እሱንም ከቤተ ክርስቲያኑ ልነጥለው አልችልም። በፋሲካ እሺ ልለው ነበር፣ እትዬ። ይህን አይንገሩት፤ ይከተለኛል" አለችኝ።

አልነገርኩህም። እሷ እንዳልነግርህ የለመነችኝ ላንተ አዝና ነው፤ እኔ ግን ዝም ያልኩት ለራሴ ስል ነበር። ማክሰኞ በጀልባው ስትሄድ ወደቡ ላይ እጇን ይዘህ "ምን አደረግኩሽ?" እያልክ ስትጠይቃት፣ እሷም "ተዛውሬያለሁ" ከማለት በቀር ሌላ ቃል ሳትናገር ስትሄድ፣ እኔ ከአጥሩ ሥር ሆኜ እሰማ ነበር። ሰባት ዓመት እንደ ዲዳ ከኔ ጋር ኖርክ፤ ከዚያ የጀርመን ማዕድን ቆፋሪ ይፈለጋል ሲባል የመጀመሪያው ተመዝጋቢ አንተ ሆንክ። ብቻዬን እንዳልቀር ብዬ የሠራሁት ሥራ ብቻዬን አስቀረኝ። ደግሞም የእጄን ነው ያገኘሁት።

አሁን ይህ ሁሉ ለምን እንደወጣ ልንገርህ። ባለፈው ማክሰኞ መጋቢው ፊቱ በርቶ መጣ። ቺልሱንም ጎመን ልትወስድ መጥታ ቁጭ ብላ ነበር። "እማማ ኦክቡን፣ ወንጌላዊት ቢዮንን አገኘኋቸው!" አለ። በሕይወት ያለች መሰለኝ። ያገኘው በመጽሐፍ ነው ለካ። ጄቾን ተራሮች ውስጥ ሶልቴ የምትባል መንደር አለች፤ የዚያች ትንሽ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ታትሞ እጁ ገብቷል። ከ1958 እስከ 1989 ያገለገለችው እዚያ ነው፤ የሞተችውም እዚያው። ከመሞቷ በፊት የተናገረችውን ጽፈውታል፤ ጮክ ብሎ አነበበልን።

"በዶልጎት ሳለሁ አንድም ቀን ተርቤ አላውቅም። ኦክቡን የምትባል ታላቅ እህት በየሳምንቱ ከሴቶቹ ሩዝ እየሰበሰበች፣ ወንድሟም ዳገቱን እየወጣ ያደርስልኝ ነበር። የእነሱን ደግነት እስከ ዛሬ እየበላሁ ነው" ይላል።

"ስምዎ አለ እማማ!" አለ መጋቢው። "መጽሐፋችን መግቢያ ላይ በሣጥን አድርጌ ነው የማወጣው፤ ከፎቶዎ ጋር።"

ቺልሱን ከት ብላ ሳቀች። "ወይኔ ጉዴ! እኔ እኮ አንድ ጊዜ ሦስት እሁድ ሙሉ እብቅ አስገብቼባት ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደግነቱ ስምንታችሁ ሩዝ ታስገቡ ነበር። እሷስ አላወቀችም መሰለኝ፤ ይኸው ታመሰግናለች።"

ያን ሳቅ ስሰማ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰው "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ይላል፤ የኔው ግን አርባ ሰባት ዓመት እየከበደ ነው የመጣው። "ቺልሱን፣ ዘጠኛችንም እብቅ ነበር ያስገባነው" አልኳት።

"ምን አልሽ?"

"ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። አንድም የሩዝ ፍሬ አልነበረበትም።"

ቺልሱን የያዘችውን ጎመን አስቀመጠች። ከዚያ የሞቱትን ሴቶች በጣቷ እየቆጠረች መጥራት ጀመረች፤ ታላቋ የኖ ምራት፣ ትንሿ የኖ ምራት፣ የጀልባው ባለቤት ሚስት… "እነዚህ ሁሉ እብቅ ያስገባሁ እኔ ብቻ ነኝ ብለው ነው የሞቱት?" አለችኝ። "እኛን ሁሉ በአንድ ላይ ገዳይ አደረግሽን እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!" ጎመኑን ትታ ወጣች። እሁድ ዕለት ሌላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰባ ዓመት ስትጨቀጭቀኝ የኖረችው ሴት ዝም ስትለኝ ጆሮዬ ጭር አለብኝ።

መጋቢው ቴፑን አጠፋ። ልጅ ነው ብዬ ነበር፣ ልጅ አይደለም። "ይህስ ይጻፍ?" ብሎ ጠየቀኝ። "የሷ ምስጋና ሳይቀነስ ይውጣ፤ ከሥሩ ደግሞ የኔ ቃል በሙሉ ስሜ ይውጣ" አልኩት። "በመቶኛው ዓመት ቀን መድረክ ላይ ያነቡታል?" አለኝ። አነበዋለሁ። ብቻ ወንድሜ አስቀድሞ ይወቅ ብዬ ለመንኩት።

ኢንቴክ፣ እስካሁን የጻፍኩት መጽሐፉ ላይ የሚወጣውን ነው። የቀረው የሚወጣ አይደለም፤ ያንተና የኔ ነው።

በ1974 ኮንትራትህ ሲያልቅ የጻፍክልኝን ታስታውሳለህ። "እትዬ፣ ጆንግኤ የት እንዳለች ታውቂያለሽ? ካላገባች አገሬ ልመለስ ነው" ብለኸኝ ነበር። እኔም "ፑሳን ውስጥ መርከበኛ አግብታ ሁለት ወንዶች ልጆች ወልዳለች" ብዬ መለስኩልህ። መርከበኛ የለም። ልጆችም የሉም። ቁጭ ብዬ የፈጠርኩት ነው፤ ለትልቁ ልጅ ስም እንኳ አውጥቼለት ነበር። የት እንዳለች አላውቅም ነበር፤ ለማወቅም ማንንም አልጠየቅኩም። ከተገናኛችሁ ስለ እብቁ ትነግርህ ነበራ! ከምትጠላኝ እዚያው ቀርተህ እንደወደድከኝ ብትኖር ይሻለኛል አልኩ። ከዚያ ወዲያ በየደብዳቤዬ "ምነው አታገባም? ምነው ሰው የለህም?" እያልኩ ስነዘንዝህ ኖርኩ። እንዴት እንዳላፈርኩ እንጃ።

የሶልቴ መጽሐፍ "ዳግመኛ ሳያገቡ ኖረው አረፉ" ይላል። ከ1974 እስከ ሞተችበት ቀን አሥራ አምስት ዓመት ነው። አሥራ አምስት ዓመት፣ ወንድሜ! ከዚህ በአውቶቡስ የአራት ሰዓት መንገድ ላይ ነበረች።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ እሱን ለመለመን ፊት የለኝም። ደብዳቤ ባትመልስልኝም አልፈርድብህም። አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ለመቶኛው ዓመት የምትመጣ ከሆነ መጀመሪያ እኔ ጋ እንዳትመጣ። ከሴኡል ወደ ጄቾን አውቶቡስ አለ፤ ከጄቾን ደግሞ ሶልቴ ድረስ በቀን ሁለት ጊዜ ትንሿ አውቶቡስ ትሄዳለች። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጥዶቹ መሐል ነው መቃብሯ፤ መጋቢው ደውሎ አጣርቶልኛል። ብቻህን ሂድ። የፈለግከውን ያህል ቆይ። ደክሞህ ከዚያው ብትመለስም እኔ ለምን ቀረህ አልልህም።

አርባ ዓመት በሰው አገር፣ ከመሬት በታችም የጠበቀህ ጌታ አሁንም ይጠብቅህ። እንቅልፍህን ጣፋጭ፣ ትንፋሽህን ቀላል ያድርግልህ።

እንዳትከተላት አጥር ሥር ቆሜ ያየሁህ እህትህ፣

ሃም ኦክቡን